ቢጫው ረድፍ የማን ነው?

የእስራኤል ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየዓመቱ የስግድ በዓል ሲቃረብ ስለ ኢትዮጵያ ተወላጆች መግለጫ ያወጣል። ስንት ሰው እንዳለ፣ በየትኛው ከተማ እንደሚኖር፣ ስንቱ እዚያው እስራኤል እንደተወለደ በሰንጠረዥ ተደርድሮ ይቀርባል። በ2022 መጨረሻ ላይ ቁጥሩ 168,800 ያህል ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት የኢትዮጵያ አቆጣጠር ካልተባሉ በስተቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ከተሞች በግንባር ቀደምትነት የምትጠቀሰው ነታንያ ናት። በሜዲትራኒያን ዳርቻ በ1929 የተቆረቆረችው ይህች ከተማ ከአሥር ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ተወላጆችን አቅፋለች።

ሀገር አቀፉን ቁጥር የሚያዘጋጁት ባለሙያዎች ናቸው። የሰፈሩን የዕለት ኑሮ የሚመራው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ፣ አንድ ሰው በአንድ ኮምፒውተር ላይ የሚይዘው የኤክሴል ዝርዝር ነው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚረዱ ልጆች፣ የአረጋውያን ክበብ አባላት፣ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ አስተርጓሚ የሚያስፈልጋቸው እናቶች፣ የበዓል ድጋፍ የሚደርሳቸው ቤተሰቦች ስማቸው የሚገኘው እንዲህ ባለ ዝርዝር ላይ ነው። ዝርዝሩ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከማዘጋጃ ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወይም ከሌላ መሥሪያ ቤት አዲስ መረጃ በየጊዜው ይመጣል፤ አሮጌው ይታደሳል። ችግሩ የሚጀምረው በዚህ የማደስ ሰዓት ነው።

የነገሩ አካሄድ እንዲህ ነው። በነታንያ ኪርያት ኖርዳው ሰፈር የምትሠራ አንዲት የማኅበረሰብ አስተባባሪ ትታሰብ። ሁለት መቶ ቤተሰቦችን የያዘ ሰንጠረዥ አላት። ስሙና አድራሻው ከውጭ የመረጃ ቋት የሚመጣ ነው፤ ቀለሙ ግን የእሷ ነው። ደውላ ያላገኘችውን ቤተሰብ ረድፍ ቢጫ ቀብታዋለች። አባት በቅርቡ የሞተበት ቤት ግራጫ ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት የቀረበት ቤት ቀይ ነው። ይህን ሁሉ የምታውቀው ቤት ለቤት ዞራ፣ ቡና ተጠርታ፣ ሰው አምኗት የነገራትን ሰምታ ነው። አንድ ቀን ጠዋት «ሪፍሬሽ» የሚለውን ትጫናለች።

ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ ይሻል ነበር፤ የጠፋ ነገር መጥፋቱ ይታያልና። የከፋው ቀለሙ ሳይነካ ሲቀር ነው። አዲስ የመጡ ሦስት ቤተሰቦች በፊደል ተራ መካከል ገብተዋል፤ ሁለት ቤተሰቦች ወደ ሌላ ከተማ ሄደው ከዝርዝሩ ወጥተዋል። ስሞቹ ወደ ላይና ወደ ታች ተንሸራተዋል፤ ቢጫው፣ ግራጫውና ቀዩ ግን በነበሩበት ረድፍ ላይ እንደተተከሉ ናቸው። በድንኳን ውስጥ በየወንበሩ ስም ተለጥፎ፣ እንግዶቹ ግን ቦታ ተቀያይረው እንደተቀመጡ ማለት ነው። ሰንጠረዡ ንጹሕ ይመስላል። አስተባባሪዋ ስልኩን አንሥታ አባታቸው ጤናማ ለሆነ ልጆች የሐዘን ቃል ትናገራለች፤ ልጁ የቀረበት ቤት ደግሞ ነጭ ሆኖ ይታለፋል።

ይህ የማሽኑ ብልሽት አይደለም። ኤክሴል ያደረገው የታዘዘውን ነው። ቀለም፣ የፊደል ዓይነት፣ የአምድ ስፋት የሚባሉት ሁሉ ለፕሮግራሙ የሴሉ ወይም የአምዱ ንብረቶች ናቸው፤ በሴሉ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው የተሰጡ አይደሉም። አሥራ ሁለተኛው ረድፍ ቢጫ ተብሎ ከተመዘገበ፣ ማንም ይምጣ ማን አሥራ ሁለተኛው ረድፍ ቢጫ ነው።

ለዚህ ነው «ፎርማቱን እንዴት ላቆየው?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ የሚሆነው። መልስ አለው፤ መልሱም ቀላል ነው። ከውጭ መረጃ የሚቀበል ሰንጠረዥ ላይ በቀኝ አዝራር ተጭኖ የውጭ መረጃ ባሕርያት ወደሚለው መስኮት ሲገቡ «ፕሪዘርቭ ሴል ፎርማቲንግ» የሚል ምርጫ አለ፤ ምልክት ከተደረገበት የሴሎቹ መልክ በእድሳቱ ጊዜ ይጠበቃል። ከእሱ አጠገብ የአምድ ስፋትን እንደ መረጃው ርዝመት የሚያስተካክል ሌላ ምርጫ አለ፤ ምልክቱ ሲነሣ ሠራተኛው በእጁ ያስተካከለው ስፋት ባለበት ይቆያል። ፒቮት ቴብል ለሚባለው የማጠቃለያ ሰንጠረዥም ሁለቱ ምርጫዎች በራሱ መስኮት ውስጥ አሉ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ በየሳምንቱ አምድ ሲያሰፋና ሲያጠብ ስለሚውል ማወቁ ጠቃሚ ነው።

ስፋት ስለሚባለው ነገር አንድ ማስጠንቀቂያ ሳይነገር አይታለፍ። በ2024 ሐምሌ መጨረሻ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለዘመድ ገንዘብ የሚልክ፣ ዕቃ የሚያስመጣ፣ የዕቁብ ሒሳብ በሁለት ገንዘብ የሚይዝ ሰው ተመኑን ከድረ ገጽ የሚያመጣ ሰንጠረዥ ቢኖረውና አምዱን ለሁለት አሃዝ ብቻ አጥብቦ «ስፋቱ አይነካ» ብሎ ቢቆልፈው፣ በዚያ ሰሞን ከቁጥር ይልቅ የመሰላል ምልክቶች ተደርድረው ሊያገኝ ይችል ነበር። ቁጥሩ አልጠፋም፤ አምዱ ጠቦት ነው። መልክን መቆለፍ ዓለም እንደማይለወጥ መገመት ነው።

ከቀለምና ከስፋት ይልቅ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ግን ዓይን የማይዘው ፎርማት ነው። የእስራኤል መታወቂያ፣ ማለትም ተዑዳት ዘሁት፣ ቁጥሩ ዘጠኝ አሃዝ ነው። የብዙ ሰው ቁጥር በዜሮ ይጀምራል። ሞባይል ስልክ ደግሞ ሁሉም በዜሮ አምስት ይጀምራል፤ የነታንያ የቤት ስልክ በዜሮ ዘጠኝ። መረጃው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ሲኤስቪ በሚባል ፋይል ነው። ይህ ፋይል ጥሬ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ቀለም አይዝም፣ ስፋት አይዝም፣ የዕብራይስጥ ገጽ ከቀኝ ወደ ግራ መሄዱን አይዝም፣ አንድ አምድ ቁጥር ይሁን ጽሑፍ አይናገርም። ኤክሴል ሲከፍተው ይገምታል። ዜሮውን «ከቁጥር ፊት ዋጋ የለውም» ብሎ ይጥለዋል። ዘጠኝ አሃዝ የነበረው መታወቂያ ስምንት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያ ቁጥር በሌላው ዝርዝር ውስጥ ሲፈለግ አይገኝም፤ ሰውየው ግን እዚያው አለ። ወረቀቱ ላይ «አልተመዘገበም» ተብሎ ይጻፍለታል።

የኢትዮጵያም ጣጣ ከዚህ ያነሰ አይደለም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሒሳብ ቁጥር 13 አሃዝ ነው። ኤክሴል በተለመደው አሠራሩ ከ11 አሃዝ በላይ የሆነን ቁጥር በሳይንሳዊ አጻጻፍ አሳጥሮ ያሳያል፤ ፋይሉ በዚያ መልኩ እንደገና በሲኤስቪ ከተቀመጠ የመጨረሻዎቹ አሃዞች እስከ ወዲያኛው ይጠፋሉ። በፋይዳ መታወቂያ ካርድ ላይ ያለው 16 አሃዝ ቁጥር ደግሞ ከዚህ የባሰ ዕጣ ይገጥመዋል፤ ፕሮግራሙ በትክክል የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ስለሆነ አሥራ ስድስተኛው ዜሮ ይሆናል። መፍትሔው አንድ ነው፤ የማይደመርና የማይቀነስ ቁጥር ከመነሻው ጽሑፍ ተብሎ ይመዝገብ። ማንም ሁለት የመታወቂያ ቁጥሮችን ደምሮ አያውቅም።

የልደት ቀን ጉዳይ ለማኅበረሰቡ ከሁሉም ይቀርባል። ከጎንደርና ከትግራይ ገጠሮች የወጡ ብዙ ሽማግሌዎች የተወለዱበትን ወቅት የሚያስታውሱት በመከር፣ በንጉሥ ዘመን ወይም በቤተሰብ ክስተት እንጂ በቀን ቁጥር አልነበረም። እስራኤል ሲገቡ ለአንዳንዶቹ ጥር አንድ ተጻፈላቸው፤ ለሌሎቹ ዓመቱ ብቻ ተይዞ ቀኑና ወሩ በዜሮ ተሞላ። ኤክሴል እንዲህ ያለ ቀን አያውቅም። ዜሮ ዜሮ ብሎ የሚጀምረውን እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል፤ ከዚያ ዕድሜ አስላ ሲባል ስሕተት ይመልሳል። ባዶ የተተወውን ደግሞ ከሌላ ሰንጠረዥ ፈልጎ ሲያመጣው በዜሮ ይተካዋል፤ በቀን ፎርማት የታየ ዜሮ 1900 ሆኖ ይወጣል። አንድ ሰንጠረዥ በታደሰ ቁጥር የአረጋውያን ክበብ አባላት ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸው ሆነው ቢገኙ ምንጩ ይኸው ነው።

በራሳችን አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ሲገባበት ግራ መጋባቱ ይብሳል። ጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በአኃዝ 30/2/2016 ተብሎ ቢጻፍ፣ የፈረንጆቹ የካቲት 30 ቀን ስለሌለው ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ጥቅምት 12 ግን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የፈረንጅ የካቲት 12 ይሆናል። ጳጉሜን 5 ቀን 2015 ዓ.ም. በአሜሪካ አቀማመጥ በተዘጋጀ ኮምፒውተር ላይ 5/13/2015 ተብሎ ከተጻፈ ግንቦት 13 ተደርጎ ይወሰዳል፤ ከዓመት የተረፉት ቀኖቻችን በፈረንጅ ግንቦት መካከል ገብተው ይቀራሉ። በአንድ አምድ ውስጥ ግማሹ ትክክለኛ፣ ግማሹ የተሳሳተ፣ ግማሹም ጽሑፍ የሆነ ቀን ይዞ ወደ ሪፖርት የሚሄድ ፋይል የትም ቢሮ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ቀን ያለበት አምድ ጽሑፍ መሆን አለበት፤ ስሌት የሚያስፈልገው ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር የተለወጠውን በሌላ አምድ ይያዝ።

መልክና ይዘት ምን ያህል የተጠላለፉ እንደሆኑ ከሁሉም በላይ የሚያስረዳው ግን የፊደላችን ታሪክ ነው።

ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ቁጥር ሥርዓት የግዕዝን ፊደል ያካተተው በ1999፣ በ3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ የኢትዮጵያ ቢሮዎች አማርኛን ይጽፉ የነበሩት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር። ብልሃቱ አስደናቂ ነበር፤ ትውልድ ሁሉ ደብዳቤውን፣ ጋዜጣውን፣ የደመወዝ መዝገቡን የጻፈው በዚያ ነው። የቀደሙት እትሞች የሚሠሩበት መንገድ ግን እንዲህ ነበር፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ በመስኮቱ ላይ «ሀ» ወይም «ለ» ሆኖ የሚታየው የፎንቱ ሥዕል ነው። እዚያ ላይ ፎርማት ጌጥ አልነበረም። አማርኛው ራሱ ፎርማት ነበር።

እንዲህ ያለ አሮጌ ፋይል ዛሬ ከአዲስ ሰንጠረዥ ጋር ሲገናኝና ሲታደስ የሚሆነውን ማየት ያሳዝናል። መረጃ አምጪው ዋጋውን ብቻ ይወስዳል፤ ፎንቱን ትቶ ይመጣል። ጉግል ሺትስም ቢሆን ከሌላ ፋይል በቀመር ሲያመጣ እሴቱን እንጂ መልኩን አያመጣም። ስሙ ወርቅነህ የነበረ ሰው የቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክትና የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። ሠራተኛው ደንግጦ የአምዱን ፎንት መልሶ ፓወር ግዕዝ ሲያደርገው ስሙ ይመለስና ችግሩ የተፈታ ይመስላል። አልተፈታም። በዩኒኮድ «ወርቅነህ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ያንን ረድፍ አያገኘውም። በሀሁ ተራ ቢደረደር በላቲን ምልክቶቹ ተራ ይደረደራል። ወደ ስልክ ሲላክ እንደገና ይፈርሳል።

እዚህ ላይ መልኩን ጠብቆ ማቆየት በሽታውን ይሸፍነዋል። ትክክለኛው ሥራ ጽሑፉን አንዴ ወደ ዩኒኮድ መቀየርና ዳግመኛ ላለመመለስ መወሰን ነው። ዊንዶውስ ከ2007 ጀምሮ፣ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ከመጣው ከቪስታ እትሙ አንሥቶ፣ የግዕዝ ፎንት አለው፤ ከዚያ ወዲህ ሰበብ የለም። አሁንም ድረስ ከኢትዮጵያ ከማኅበራት፣ ከዕድርና ከቤተ ዘመድ የሚላኩ በቀድሞው አሠራር የተጻፉ የስም ዝርዝሮች ካሉ፣ የሚቀበላቸው ሰው መጀመሪያ ማጣራት ያለበት ይህን ነው፤ አንድ ሴል ገልብጦ በስልክ መልእክት ውስጥ መለጠፍ ይበቃል። አማርኛ ሆኖ ከታየ አማርኛ ነው።

ፊደሉ ከተስተካከለም በኋላ ስም ብቻውን ዝርዝርን ማገናኛ መሆን አይችልም። በእስራኤል የኢትዮጵያውያን ስም በዕብራይስጥ ፊደል ሲጻፍ አንዱ ጸሐፊ የ«ጥሩነሽ»ን «ጥ» በአንድ ፊደል፣ ሌላው በሌላ ፊደል ይጽፈዋል። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ ወደ እስራኤል የገቡ ብዙ ልጆች በትምህርት ቤት የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል፤ ቤታቸው ግን እናታቸው ባወጣችላቸው ስም ይጠሩ ነበር። የቤተሰብ ስም ሆኖ የተመዘገበው ለአንዱ አባቱ፣ ለሌላው አያቱ ነው፤ ወንድማማቾች በተለያየ የቤተሰብ ስም ሊገኙ ይችላሉ። አንድ ሰው በሁለት ዝርዝሮች ላይ በሁለት ስም ካለ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ያደርገዋል። ሳይለወጥ ሰውየውን የሚከተለው የመታወቂያ ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ያውም ከፊቱ ያለችው ዜሮ እስካልወደቀች ድረስ።

የዓለምን ታላላቅ ተቋማት ያየ ሰው ይህ የትንሽ ቢሮ ድክመት ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል። የዘር ውርስ ተመራማሪዎች ማርች አንድ እና ሴፕት ሁለት የሚባሉ ጂኖች ነበሯቸው፤ ኤክሴል ወር መስለውት ወደ ቀን ይለውጣቸው ነበር። በ2016 የወጣ አንድ ጥናት የጂን ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙ ሳይንሳዊ ጽሑፎች ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጉት እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳለባቸው አሳየ። ሳይንስ ተሸነፈ ማለት ይቻላል፤ በ2020 የጂን ስም የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የጂኖቹን ስም ቀየረ። ማይክሮሶፍት በራሱ ጊዜ የሚለውጠውን ተጠቃሚው እንዲያጠፋው የሚያስችል ምርጫ የጨመረው በ2023 ነው። ኤክሴል ለመጀመሪያ ጊዜ ከወጣበት ከ1985 ሲቆጠር 38 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው።

በዚያው በ2020 የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም ከቤተ ሙከራዎች የሚመጣለትን የኮሮና ውጤት በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ይሰበስብ ነበር። ያ ዓይነት የሚይዘው 65,536 ረድፍ ብቻ ነው፤ ከ2007 ወዲህ ያለው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይይዛል። የተረፈው ዝም ብሎ ተቆረጠ። ከፈረንጆቹ መስከረም 25 እስከ ጥቅምት 2 ባሉት ቀናት 15,841 በበሽታው የተያዙ ሰዎች ከዕለቱ ቁጥር ውጭ ቀሩ፤ ታማሚዎቹ ውጤታቸው ቢነገራቸውም አብረዋቸው የነበሩ ሰዎች ፍለጋ ዘገየ። ሰንጠረዡን የተመለከተ ሰው ምንም የጎደለ ነገር አላየም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? «ኤክሴልን ጣሉት፣ ትክክለኛ ሶፍትዌር ግዙ» የሚሉ አሉ። ምክሩ ለትልቅ መሥሪያ ቤት ልክ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሠራተኛና ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ላሉት የሰፈር ማዕከል ግን አይሠራም፤ የተገዛውም ሥርዓት ቢሆን በመጨረሻ ዝርዝሩን የሚያወጣው በኤክሴል ወይም በሲኤስቪ ነው። ስለዚህ ያለውን መሣሪያ በሥርዓት መያዝ ይሻላል፤ ያን ለማድረግም ብዙ ዕውቀት አያስፈልግም።

የሁሉም መሠረት አንድ ልማድ ነው። ከውጭ የሚመጣው መረጃ በራሱ ገጽ ላይ ይረፍ፤ እዚያ ገጽ ላይ ማንም አይቀባ፣ ማንም አይጻፍበት። ሠራተኛው የሚያውቀው ነገር ሌላ ገጽ ይኑረው፤ በዚያ ገጽ ላይ የመታወቂያ ቁጥር፣ የተደወለበት ቀን፣ የሁኔታው መግለጫ በቃል ይጻፋል። ሦስተኛው ገጽ ሁለቱን በመታወቂያ ቁጥር እያገናኘ የሚያሳይ ነው፤ ለዚህ ቪሉክአፕ ወይም አዲሱ ኤክስሉክአፕ የተባለው ቀመር ይበቃል። ቀለሙ የሚገባው እዚህ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው፤ በእጅ ሳይሆን በሁኔታ ላይ በተመሠረተ ፎርማት። «ሁኔታ በሚለው አምድ ሐዘን ከተጻፈ ረድፉ ግራጫ ይሁን» ተብሎ አንዴ ይታዘዛል። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ አምስተኛ ረድፍ ላይ ይውጣ፣ ሃምሳኛ ላይ ይውረድ፣ ግራጫው አብሮት ይሄዳል። ይህ ችሎታ ኤክሴል ውስጥ ከ97 እትሙ ጀምሮ አለ፤ ብዙ ቢሮ ግን እስከ ዛሬ በቀለም ባልዲው ብቻ ይሠራል።

ከሚመጣው መረጃ ጎን ባሉት ባዶ አምዶች ላይ ማስታወሻ መጻፍም ከቀለሙ ያላነሰ አደጋ አለው። ዝርዝሩ ቅደም ተከተሉን ሲለውጥ ማስታወሻው ባለበት ይቀራል። አንዲት እናት የነገረችው ምሥጢር በሌላ እናት ስም አጠገብ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ነገሩ የሥራ ጥራት ከመሆን አልፎ የሰው ክብር ጉዳይ ይሆናል። እስራኤል ከ1981 ጀምሮ የግል ምሥጢር ጥበቃ ሕግ አላት፤ በ2025 ነሐሴ ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያም የመረጃ ቋት ያላቸውን ድርጅቶች ግዴታ አጥብቋል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ አንድ ሰው ቡና አፍልቶ የነገረውን ነገር በተሳሳተ ረድፍ ላይ ማስቀመጥ በደል ነው።

መረጃው ፓወር ኩዌሪ በተባለው የኤክሴል መረጃ ማምጫ በኩል የሚመጣ ከሆነ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ይታይ። ፕሮግራሙ በራሱ ፈቃድ የየአምዱን ዓይነት የሚወስንበት ደረጃ አለ፤ መታወቂያን፣ ስልክንና የሒሳብ ቁጥርን ቁጥር አድርጎ የሚያሳልፋቸው እዚያ ላይ ነው። ያ ደረጃ ተከፍቶ አምዶቹ ጽሑፍ ተብለው ቢለወጡ ዜሮዎቹ በእያንዳንዱ እድሳት ይጠበቃሉ። ከማደስ በፊት የፋይሉን ቅጂ በቀን ስም ማስቀመጥና ከታደሰ በኋላ የረድፉን ብዛት ከባለፈው ጋር ማነጻጸር እንግሊዞቹን ካጋጠማቸው ዓይነት ጉድለት ይጠብቃል። ደቂቃ አይፈጅም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው፤ የፎርማት ጉዳይ የኮምፒውተር ሠራተኛው ጣጣ ተደርጎ መታየቱ ስሕተት ነው። ቀለም የሚቀባው ሰዎቹን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ያ ዕውቀት ደግሞ ከየትኛውም የመረጃ ቋት አይገኝም። ማዘጋጃ ቤቱ አድራሻውን ያውቃል፣ ትምህርት ቤቱ ክፍሉን ያውቃል፤ አያት ለምን ስልክ እንደማያነሡ የምታውቀው አስተባባሪዋ ናት። እሷ የምታውቀው ነገር በሴል ቀለም ውስጥ ተደብቆ ከቀረ፣ አንድ ቀን እድሳት ይወስደዋል፤ እሷ ሥራ ስትለቅ ደግሞ ቢጫው ምን ማለት እንደነበር የሚነግር አይኖርም። የተከፈለበት ደመወዝ፣ የተሄደበት መንገድ፣ የተገኘው እምነት ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ኃላፊነቱ መጀመሪያ የሚወድቀው በአለቆች ላይ ነው። ለሠራተኞቻቸው ስልክና ላፕቶፕ ይሰጣሉ፤ ሰንጠረዥ እንዴት እንደሚያዝ የሚያስተምር ግማሽ ቀን ግን አይመድቡም። ቀለም ምን ማለት እንደሆነ የሚናገር አንድ ገጽ በየፋይሉ ውስጥ እንዲኖር ማዘዝ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። መረጃ የሚልኩ መሥሪያ ቤቶችም የራሳቸው ድርሻ አለባቸው፤ መታወቂያ ቁጥሩን ከነዜሮው፣ ቀኑን ከነዓመቱ በአንድ ወጥ አጻጻፍ፣ የአማርኛ ስም ካለ በዩኒኮድ ይላኩ። የተበላሸ ፋይል ልኮ ተቀባዩን «ኤክሴል አታውቂም» ማለት ፍትሕ አይደለም።

ሁለተኛው ጥሪ ለወጣቶቹ ነው። በነታንያም ሆነ በሌሎች ከተሞች በኮምፒውተር ሙያ የሠለጠኑ፣ በሥራ ቦታቸው በየቀኑ ከዚህ የበዛ መረጃ የሚያንቀሳቅሱ የማኅበረሰቡ ልጆች አሉ። አንድ ምሽት ወደ ሰፈራቸው ማዕከል ጎራ ብለው ሦስቱን ገጾች ቢያዘጋጁ፣ ቀመሩን ቢጽፉ፣ ቀለሙን በሁኔታ ላይ ቢመሠርቱና ለሠራተኛዋ በአማርኛ ወይም በዕብራይስጥ ቢያስረዷት፣ ለእነሱ ትንሽ ሥራ ነው። ለዝርዝሩ ባለቤቶች ግን የዓመታት እረፍት ነው።

ዝርዝር የሚይዝ ሰው ሁሉ፣ የዕድር ጸሐፊም ይሁን የማኅበር ገንዘብ ያዥ ወይም የቢሮ አስተባባሪ፣ ቀጥሎ «ሪፍሬሽ» ከመጫኑ በፊት ፋይሉን ከፍቶ በእጅ የተቀባ ረድፍ ካለ ይመልከት፤ ካለም የቀለሙን ትርጉም በሌላ ገጽ ላይ ከመታወቂያ ቁጥሩ አጠገብ በቃል ጽፎ ያስቀምጥ፤ የሚታደሰውም ከዚያ በኋላ ይታደስ።